የሰሌዳው ውሃ

ጥር 18

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ በመድኃኒት መኪናው ሹፌር እጅ ደረሰኝ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም፣ ደህና ነኝ ማለትም ታከተኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት የምጽፈውን ሁሉ ለእማማ ጮክ ብለህ እንደምታነብላት ስለማውቅ ነው። ዐይኗ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘላት ጠብታ ረዳት? ከዚህ በታች ያለውን ዝለለው፤ ስለ አየሩ ነው የጻፈችው በላት።

የሰማኸው እውነት ነው። ከሥራ ታግጃለሁ። ከተማ መጥቼ እንደነበርም እውነት ነው፤ ቤታችሁ ሳልገባ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ እኛ ጋ ከወለዱት ሴቶች ሦስቱን ትኩሳት ያዛቸው። ሁለቱን ሆስፒታል አድርሻቸው ተረፉ። ሦስተኛዋ የግንበኛው ሚስት ነበረች፤ ያ የጤና ጣቢያችንን የሲሚንቶ መቀመጫ በነጻ የሠራልን ሰው። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ሴት ልጅ ትታለች። እናቲቱን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፣ ዐይኗን የከደንኩትም እኔ ነኝ። ያን ሳምንት ውሃ ቀጂያችን ታማ ነበር፤ ምንጩ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በአንድ ጀሪካን ውሃ አራት ሴት አዋለድኩ። ውሃ ስጡን ብዬ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ የሰባቱም ግልባጭ እጄ ላይ አለ።

ከዚያ ጠሩኝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ከግልጽነት ሰሌዳው ፊት። ታውቀዋለህ፤ ያ በመስታወት የተከደነ፣ «ገንዘብህ የት እንደዋለ እወቅ» የተጻፈበት፣ በየሦስት ወሩ ምን በምን ያህል እንደተሠራ ከነፎቶው የሚለጠፍበት። የጤናው ኃላፊ ንግግር አደረገ። ስሙን አልጠራውም፤ እማማ ባወጣችለት እንጥራው። ፊቱ ላይ ያለችውን ኪንታሮት ከፎቶው አጥፋልኝ ብሎ ሱቅህ ሦስት ቀን የተመላለሰ ጊዜ «እንከን የለሽ» ያለችው። እንከን የለሽ ሰሌዳውን በጣቱ እየጠቆመ፣ «ውሃ አስገብተንላታል፤ ይኸው በፎቶ ማየት ነው። እጅ መታጠብን ግን መንግሥት በጀት መድቦ ሊያስተምር አይችልም» አለ። ሰዉ ሳቀ። ግንበኛው አልሳቀም። ግንበኛው እኔን ነበር የሚያየው።

ፎቶው ላይ ሰማያዊ የእጅ ፓምፕ ቆሟል። ከጎኑ የእኔ ጤና ጣቢያ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ያ ፓምፕ ግቢያችን ውስጥ የለም። ለአንድ ቀንም ኖሮ አያውቅም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። በዚያ ከተማ ካሜራ የያዘ ሁሉ ያውቅሃል። ያን ፎቶ ያነሳውን ሰው ፈልግልኝ። እንከን የለሽን አላጣውም፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺውን ግን እፈልገዋለሁ። ልመታው አይደለም። ምን ላደርገው እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

ብርዱ እዚህ በርትቷል። የግራ ትከሻህ ዛሬም በብርድ ያምሃል? ከግንብ የወደቅክ ዕለት አዝዬህ ሐኪም ቤት የሮጥኩት ትዝ አለኝ።

እህትህ


የካቲት 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእማማ ስለ አየሩ ነው የጻፈችው አልኳት። «ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አየር?» አለችኝ። እሷን መሸወድ መቼም ከባድ ነው። ዐይኗ ያው ነው፤ ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፣ ከዚያ አያልፍም።

ለሟቿ ነፍስ ይማር። እጅሽን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ማንም ምንም ቢል አላምንም። ሰው ፊት እንዲያ ማለታቸው ነውር ነው።

ለጠየቅሽኝ ግን የረባ መልስ የለኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ከተማ ያለነው ፎቶ አንሺዎች አራት ነን። ሦስቱን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሦስቱም አላነሳንም አሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ይሆናል። በጀት መዝጊያ ላይ ብዙ ሰው ይመጣል ይሄዳል።

እትዬ፣ እንደ ታናሽ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ስሚኝ። ነገሩን ትንሽ ብታበርጂው? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንቺ ንቅንቅ ባልሽ ቁጥር እነሱም ይበረታሉ። እኔ እዚህ ነኝ የምኖረው፤ ከሥራዬ ግማሹ የጽሕፈት ቤቱ ነው። የመጪውን ዓመት የመታወቂያ ፎቶ ሥራ እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። ስለ ራሴ እያሰብኩ አይደለም፣ ስለ እማማ ነው።

በዚሁ መኪና አንድ ካርቶን ሳሙና ልኬልሻለሁ። ጥሩው ዓይነት ነው።

ትከሻዬ ደህና ነው። ምነው ድንገት ትዝ አለሽ?

ወንድምሽ


የካቲት 21

ወንድሜ፣

ሳሙናው ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽታው ከካርቶኑ ውጭ ድረስ ደስ ይላል። አሁን የጎደለኝ መታጠቢያው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰሌዳው ላይ ስላለ መስታወቱን ሰብሬ እቀዳለሁ።

እንዴት እንደምኖር አልጠየቅከኝም፤ ጎረቤቶቼ ግን አልተዉኝም። ግንበኛው ብቻ በበሬ ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል። ሕፃኗን አክስቷ ይዛታለች። ክትባቷ ደርሶ ነበር፤ እኔን ላለማየት ሌላ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግራቸው ወሰዷት። ይህን ስነግርህ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ያላበርድኩትን ነገር ደግሞ ልንገርህ። ሰሌዳው ግርጌ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ማንም ሰው በጽሑፍ ከጠየቀ የማንኛውም ሥራ የክፍያ ሰነድ ቅጂ በአሥራ አምስት ቀን ይሰጠዋል ይላል። ቆሜ ያነበብኩት ያን ዕለት ነው። በፖስታ ጠየቅኩ። የማኅደር ክፍሏ ሠራተኛ መንታ ልጆቿን የወለደችው በእኔ እጅ ነው። «አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ይህን ቅጽ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ፈልጌ ሳገኘው ጠርዙን አይጥ በልቶታል» ብላ ጻፈችልኝ። ከቅጹ ጋር የላከችልኝ ነገር ግን ለአይጥ የሚተርፍ አይደለም።

ሦስት ክፍያ ነው። ሦስት ፓምፕ፣ ለሦስት ጤና ጣቢያ። ፎቶ ካልተያያዘ ክፍያ አይወጣም የሚል ደንብ ስላለ ሦስት ፎቶም አብሮ አለ። ሰሌዳው ላይ የለጠፉት በየሩብ ዓመቱ አንድ አንዱን ነው፤ ሦስቱ ፓምፖች ተገናኝተው አያውቁም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አገናኘኋቸው። የሦስቱም እጀታ በአንድ ቦታ በአረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጀርባቸው አንድ ግንብ ነው። የሚለዋወጠው ከጎን የቆመው ስም ብቻ ነው። ለሁለተኛው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ጻፍኩላት። መልሷ አንድ መስመር ነበር፤ «እህቴ፣ እኛም የምንቀዳው ከሰሌዳው ነው።»

የሙያ ፈቃድ ኮሚቴው ሚያዝያ 14 ቀን ጉዳዬን ይሰማል። ቸልተኛ ነች ካሉ ፈቃዴ ለዘለዓለም ይቀማል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከዚያ ፍርድ ቤት። እንከን የለሽ ደግሞ ምን እንደሚል ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ ፓምፕ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ግንብ ሁሉ ግንብ ነው ይላል። አፉን የሚዘጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያነሳው።

አራት ነን ብለህ ሦስቱን ጠየቅኩ ብለሃል። አራተኛውን ጠይቀው። ጊዜ አለኝ፣ ሥራ ፈት ነኝ።

ትከሻህስ?

እህትህ


መጋቢት 9

እትዬ፣

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። እማማ ትስምሻለች።

አራተኛው ሰው አገር ለቅቆ ሄዷል ይባላል። በእርግጥ አላውቅም። ብታገኚውስ ምን ይጠቅምሻል? አንድ ምስኪን ፎቶ አንሺ ምን ያውቃል? ና አንሳ ይሉታል፣ ያነሳል፤ ፓምፑ በመንገድ ላይ ነው፣ ሰኔ ሊዘጋ ነው፣ ሪፖርቱ ይቅደም ሥራው ይከተላል ይሉታል፤ ያምናል። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። እንዲህ የሚያስብ ሰው ስንት አለ መሰለሽ።

አሁን ጥሩ ዜና ልንገርሽ። እንከን የለሽ ራሱ ሱቄ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሰውዬው አንቺ እንደምታስቢው አይደለም፤ እሱም ከላይ ይጨቀጭቁታል። አንድ ወረቀት ፈርማ ትስጠኝና ነገሩን በውስጥ እንጨርሰዋለን አለኝ። ኮሚቴው ፊት አትቀርቢም፣ እገዳው ይነሳል፣ ወደ ከተማ ሆስፒታል ትዛወሪያለሽ። እዚያ ቧንቧ አለ! ከእማማና ከእኔም ጋር ትሆኛለሽ። እጅሽ ላይ ያለው የክፍያ ሰነድ ቅጂ ግን ይመለስ ብሏል።

ወረቀቱን አያይዤልሻለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። መጀመሪያ «በቸልተኝነቴ ምክንያት» ይል ነበር፤ እኔ ተከራክሬ «በሥራ ጫና ምክንያት በደረሰ ጉድለቴ» አስባልኩልሽ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ብታውቂ።

እባክሽ ፈርሚው። ለእማማ ስትይ።

ትከሻዬን ደግሞ ለምን እንደምትጠይቂኝ አልገባኝም። ደህና ነው አልኩሽ እኮ።

ወንድምሽ


መጋቢት 24

ይህን ደብዳቤ አንድ መስመር ሳትዘል ለእማማ አንብብላት። ከዘለልክ አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው መኪና መጥቼ ራሴ አነብላታለሁ።

እማማ፣ እንደምን አለሽ? እስከ ዛሬ ስለ አየሩ አልጻፍኩልሽም። ከሥራ ታግጃለሁ። አንዲት እናት እጄ ላይ ሞታለች፤ የሞተችው ውሃ ስለሌለን ነው። ውሃ አለ ብለው በፎቶ ሕዝብ አሳመኑ። እኔን ደግሞ እጇን የማትታጠብ አሉኝ። ልጅሽ ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ፎቶ አንሺውን ሲፈልግልኝ ከረመ። አላገኘውም። እኔ ልንገርሽ።

ወንድሜ፣ ስታነሳ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ነው የምታነሳው። ከልጅነትህ ጀምሮ ጥላህን ከፎቶህ ማውጣት አታውቅበትም፤ ስንቴ ስቄብሃለሁ። ሦስቱም ፎቶዎች ግርጌ ላይ ካሜራውን ዐይኑ ላይ የደቀነ ሰው ጥላ አለ። የግራ ትከሻው ወደ ታች የወረደ ነው። የማኅደር ክፍሏ ሴት «ይህ ደግሞ ማነው?» ብላ ጽፋልኛለች፤ አላውቅም አልኳት። እኔ ያን ትከሻ አላውቀውም እንዴ! በጀርባዬ አዝዬው ሮጬያለሁ። አጥንቱ ሲጋጠም እጅህን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስታለቅስ የነከስከው ጣቴ ዛሬም ምልክት አለው።

እንከን የለሽ ከሰሌዳው ፊት አቁሞ ሲሰድበኝ ግማሹን አልሰማሁም። ዐይኔ ጥላህ ላይ ነበር። ቤታችሁ ያልገባሁት ለዚህ ነው። ገብቼ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ፈልግልኝ ያልኩህ ራስህን ስንት ወር እንደምትፈልግ ለማየት ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንብበህ «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ብትለኝ አለቅስ ነበር፣ እረግምህ ነበር፣ ከዚያ ይቅር እልህ ነበር። እውነት ነው የምልህ። አንተ ሳሙና ላክህልኝ። እኔ በየደብዳቤው ትከሻህን እየጠየቅኩ በር ስከፍትልህ፣ አንተ ከዚያ ሰው ጋር ወንበር ስበህ ኃጢአቴን መረጥክልኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋውን የሚመታው ግን ሁልጊዜ ባዕድ አይምሰልህ።

«የሥራ ጫና» ያልከውን ወረቀት ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትምም። ሱቅህ ግድግዳ ላይ ስቀለው።

ይቅርታህን አልፈልግም፤ አትላክልኝ። የምፈልገው አፍህን ነው። ሚያዝያ 14 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኮሚቴው ፊት። ካልመጣህ ፎቶዎቹን ይዤ ጥላው የማን እንደሆነ እኔ እናገራለሁ። ያኔ እንከን የለሽ ሁሉንም በአንተ ላይ ያላክካል፤ ፎቶ አንሺው አታለለኝ ይላል፤ አንተም ማንነቱን ታያለህ። ምርጫው የአንተ ነው። ሁለቱም ለእኔ ይጣፍጠኛል።


ሚያዝያ 4

እትዬ፣

አነበብኩላት። አልዘለልኩም። እንከን የለሽ የሚለው ጋ ስደርስ ፈገግ አለች፣ ከዚያ በኋላ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ስጨርስ ፎቶዎቹን አምጣ አለችኝ። እማማ፣ አይታይሽም እኮ አልኳት። «ጣቴን ጥላው ላይ አድርግልኝ» አለች። አደረግኩላት። «ሦስቱም ላይ አለህበት?» አለችኝ። አለሁበት አልኳት። «እንግዲያው አራተኛ ቦታም ትቆማለህ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጄ ውሃ አትቀበልም። ጎረቤቷን ጠርታ ታስቀዳለች። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ እያየሁ።

ይቅርታ አልልክም፣ አትላክ ብለሻል። የሆነውን ግን ልንገርሽ።

ሰኔ 27 ማለዳ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ። ፓምፑን የአሸዋ ክምር ላይ ተክለውታል። ሦስት ሰሌዳ ግንቡን ተደግፏል፣ የአንዱ ቀለም ገና አልደረቀም። ግምጃ ቤት ጠባቂው አንዱን ሰሌዳ ያቆማል፣ አነሳለሁ፤ ያወርደውና ሌላውን ያቆማል። የአንቺ ጤና ጣቢያ ስም ሲመጣ ደስ አለኝ። እህቴ ውሃ ልታገኝ ነው ብዬ ከልቤ ደስ አለኝ። እንዲያውም የአንቺን ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ ቆንጆ ይሁን ብዬ።

ሐምሌ አለፈ። መስከረም ላይ ለሌላ ሥራ ስሄድ ፓምፑ እዚያው ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ያኔ ገባኝ። ያኔ ልጽፍልሽ እችል ነበር። የመታወቂያውን ሥራ ሊሰጡኝ ነበርና ዝም አልኩ። ኅዳር ከመስከረም በኋላ ነው የሚመጣው፣ እትዬ። ሁለት ወር ነበረኝ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህቺን ሁለት ወር የት እንደማደርጋት አላውቅም።

የካሜራውን ካርድ አላጠፋሁትም። ሰዓቱ ይነበባል፤ 1:20፣ 1:35፣ 1:50። አንድ ቀን፣ አንድ ጠዋት። ይዤው እመጣለሁ።

ትከሻዬ ያመኛል። ስትጠይቂኝም ያመኝ ነበር።


ሚያዝያ 28

እትዬ፣

ኮሚቴው ፊት ካርዱን ይዤ መሰከርኩ፤ አንቺ ግን እንዳልመጣሁ ቆጥረሽ በጓሮ በር ወጣሽ። ደጁ ላይ እስኪመሽ ጠበቅኩሽ። መልስ ባትሰጪኝም አልቀየምም፤ የምቀየመው እኔ ሆኜ ነው?

እማማ የሆነውን ሦስት ጊዜ አስነግራኛለች። በተለይ አንዱን ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ ሦስቱን የክፍያ ወረቀት እንከን የለሽ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያስደረግሽውን። «መነጽሬን ረስቻለሁ» ሲል የራስሽን አውልቀሽ የሰጠሽውን። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ድምፁ ሲጠፋ የኮሚቴው ሰብሳቢ «አልሰማንም፣ ይድገሙልን» ማለቱን ስነግራት እማማ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። የአንቺ እልህ ከእሷ ነው የመጣው።

ፈቃድሽ በመመለሱ እንኳን ደስ አለሽ። እሱ ከወንበሩ ተነስቷል፣ ክስ ተከፍቶበታል። ፖሊስ ሲጠይቀው መጀመሪያ የጠራው ስም የእኔን ነው፤ «ፎቶ አንሺው አሳሳተኝ» አለ። ልክ እንዳልሽው። እኔም ለምስክርነት ተጠርቻለሁ፣ ምናልባትም ለሌላ።

ሰሌዳው ፊት አሁን ሰው አይጠፋም። ያችን የጉንዳን ፊደል የሚያነቡት ሆኗል። የማኅደር ክፍሏ ሴት ቅጽ አልቆባት በእጇ እየጻፈች ነው፤ መንገዱስ፣ ድልድዩስ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያስ ይሏታል። እኔን ስታየኝ ግን ፊቷን ታዞራለች። ሱቄ ላይ አንድ ሰው በኖራ «ጥላ ቤት» ብሎ ጽፎበታል። አላጠፋሁትም። ሥራውን ሰርዘውብኛል፤ የሠርግ ፎቶ የሚያስነሳም ጠፍቷል። እኔ ያነሳሁትን ፎቶ እውነት ነው የሚል ሰው የለም መሰለኝ።

እማማ አሁንም ከእጄ አትጠጣም።

ምን ላድርግ? አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝም። ምን እንደማደርግ ብቻ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 15

ወንድሜ፣

ለእማማ ጉልበቷን ሳሚልኝ የምላት ሰው አጥቼ ነው እንጂ በአንተ በኩል ባልላክኩላት ነበር። ሳምልኝ።

ደስ አለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ እውነቱን እነግርህ ነበር። ደስ አለኝ። ሰው ፊት ያሳቀብኝ ሰው ድምፁ ሲሰበር አፌ ውስጥ እንደ ማር ነው የተሰማኝ። መንገዱን ሙሉ፣ ከመኪናው እስክወርድ ድረስ ጣፈጠኝ። ቤት ስደርስ ጀሪካኑ ባዶ ነበር።

ያልሰማኸውን ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በማግስቱ ፓምፑን እንዲሰጡን ጠየቅኩ። አንድም ይሁን፣ አሮጌም ይሁን፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለም ይሁን ብዬ። ኤግዚቢት ነው፣ የክስ ማስረጃ ነው አሉኝ። ታሽጎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆሟል፤ ክሱ እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። አሸንፌ ያሳሰርኩት ፓምፑን ነው። ክሱ ደግሞ ለጥቅምት ተቀጥሯል። ቢስቁበት ይሻላል፤ እኔ ግን እስካሁን አልሳቅኩም።

እስከ ጥቅምት አሥራ ሦስት ሴቶች ይወልዳሉ። መዝገቡ ላይ እያንዳንዳቸውን በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ውሃ ቀጂያችን ከታመመች ወዲህ ጉልበቷ አልተመለሰም፤ ለአንዲት ወላድ ደግሞ ቢያንስ አራት ጀሪካን ያስፈልጋል። አፍልቼ ነው የምጠቀመው፣ እያንዳንዷን ጠብታ።

ምን ላድርግ ብለሃል። ይኸው።

ሱቅህን ዝጋ። እማማን ጎረቤቷ ትይዝልሃለች፤ ጽፌላታለሁ፣ እሺ ብላለች። ካሜራህን እዚያው ተወው፤ እዚህ የሚነሳ ነገር የለም። ሁለት ጀሪካን ይዘህ ና። ቀኑን ሁለት ጊዜ ትመላለሳለህ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሄዶ መምጣት አይደለም፣ መሄዱ ብቻ ነው። በግራህ አትሸከም፣ አይችልልህም፤ በቀኝህ ተሸከም። የምትተኛው መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነው። ሳሙና አለ፤ ያንተው ነው፣ ካርቶኑን አልከፈትኩትም።

ይቅር አላልኩህም። ምናልባት አሥራ ሦስተኛዋ በሰላም ስትወልድ እንነጋገራለን። ምናልባትም አንነጋገርም።

የምንጩን መንገድ ብቻህን አታገኘውም፤ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሰው ይጠብቅሃል፣ ለመጀመሪያው ሳምንት አብሮህ ይሄዳል። ግንበኛው ነው። ማን እንደሆንክ ነግሬዋለሁ።